ቀን ቀን ማን ይውልበታል?

በአዊ ከተሞች የቤተሰብ ቤት ስለ መምረጥ፤ በእንጅባራ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለነጋዴዎች የተሰናዳ ዲስኩር



የዛሬው ርዕሴ በየቢሮው የሻይ ሰዓት፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ድንኳን የሚነሳ ነው። «ቦታ የት ገዛህ?» «እንጅባራ ልትሠሩ ነው ወይስ ዳንግላ?» «አዲስ ቅዳም ርካሽ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ጥያቄው ቡና እስኪፈላ የሚወራ ተራ ጨዋታ ይመስላል። ለአብዛኞቻችን ግን በዕድሜያችን ከምንፈጽመው ግዢ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ጫማ ሲጠብ ይለወጣል፤ ስልክ ሲበላሽ ይሸጣል። ቤት ግን አንዴ ከተሳሳቱበት ልጅ አድጎ እስኪወጣ ድረስ አብሮ ይኖራል።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በየቤተሰቡ ቤት የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚያመጣው ሰው ነው። እሱ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ነው። ቤቱን ቀኑን ሙሉ የሚኖሩበት ሌሎች ናቸው፤ ከትምህርት ቤት በግማሽ ቀን የሚመለሱት ልጆች፣ አራሷ፣ ጉልበቷ የደከመ አያት፣ ውሃ ስትጠብቅ የምትውለው የቤት ሠራተኛ። ስለዚህ «ከመሥሪያ ቤቴ ምን ያህል ይርቃል?» ከማለታችን በፊት «ቀን ቀን ማን ይውልበታል? እንዴትስ ይውላል?» እንበል። ለሚውሉት የሚመች ቦታ ከተገኘ በኋላ የሠራተኛው መንገድ ይመዘን። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል።

አገራችን የቦታ ምርጫ ታሪክ አያጣም። የሰባት ቤት አገው አፈ ታሪክ ራሱ የሰፈራ ታሪክ ነው። ከላስታ በኩል የመጡ ሰባት ወንድማማቾች በየፊናቸው አገር ይዘው ተቀመጡ ይባላል፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም የሚሉት ስሞች ዛሬም የወረዳ መጠሪያ ሆነው ይኖራሉ። በዚያ ዘመን ሰው ቦታ ሲይዝ ምንጩን፣ ግጦሹንና ማገዶውን ያያል። ሥራና ቤት አልተለያዩም፤ ገበሬው ከደጁ ሲወጣ እርሻው ላይ ነው። ምሳው በሕፃን እጅ ይደርስለታል።

ሥራና ቤት መራራቅ የጀመሩት ቢሮና መንገድ ሲመጡ ነው። ዳንግላ ቀድማ የመጣች ከተማ ናት። እንግሊዝ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላዋን የከፈተችው እዚያ ነበር፤ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በቆንስልነት ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን የቃኘው ከዳንግላ እየተነሳ ነው። ጣሊያንም በወረራው ዘመን በዳንግላም በእንጅባራም ምሽግ ነበረው፤ በ1933 ዓ.ም. አርበኞችና አጋሮቻቸው ሲገፉበት ሁለቱንም ለቆ ሄደ። ዛሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ጥሊሊን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን በአንድ ክር ይሰካቸዋል። ከእንጅባራ ደግሞ ሌላ መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ ወደ ቻግኒ ይወርዳል።

በዚህ ክር ላይ እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ሲጀምር ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ መምህር፣ የአስተዳደር ሠራተኛና ነጋዴ ቤት ፈላጊ ሆነ። ዳንግላ ተወልዶ እንጅባራ የሚቀጠር፣ ባሕር ዳር ሚስቱን አስቀምጦ ዓርብ ዓርብ የሚሳፈር፣ አዲስ ቅዳም ቦታ ይዞ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ከተማ የሆነበት ሰው በዛ። «ወጥቶ መግባት» የምንለው ኑሮ ወደ እኛም መጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ። ባሕር ዳርን መነሻ አድርገን ብንቆጥር ዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር፣ እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ ቅዳም መሐል ላይ ትገኛለች። ደላላ ይህን ይዞ «ግማሽ ሰዓት ነው» ይላችኋል። ባዶ አስፋልት ላይ፣ በራሱ መኪና ለሚነዳ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን የደላላውን መኪና አልገዛችሁም።

ሐምሌ ውስጥ ከዳንግላ ተነስቶ 2:30 ላይ እንጅባራ ቢሮ መግባት ያለበትን ሠራተኛ እንከተለው። 12 ሰዓት ሳይሆን ከቤቱ ይወጣል። ሰፈሩ ከአስፋልት የገባ ከሆነ ጭቃውን ለማለፍ ቦት ጫማ ያደርጋል፤ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይይዛል። ባጃጅ ካገኘ መናኸሪያ ይደርሳል። ረዳቱ እንጅባራን በሌላ ስሟ «ኮሶበር! ኮሶበር! የሞላ!» እያለ ይጣራል፤ ውስጡ ሲገባ ግን አራት ሰው ነው ያለው። ሚኒባስ በሰዓት አይነሳም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳ። ሞልቶ ከተነሳ በኋላ መንገድ ላይ ያወርዳል፣ ይጭናል፤ አዲስ ቅዳም ገበያ ከሆነ በግ የያዘ፣ ድንች የጫነ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ሁሉ ያስቆመዋል። ጉም ካለ ሾፌሩ ይቀንሳል፤ መቀነሱም ደግ ነው። እንጅባራ ሲደርስ እንደገና ባጃጅ። ማታ ደግሞ ይኸው በግልባጩ ነው፤ በዚያ ላይ 11:30 ከቢሮ የወጣ ሁሉ ያችኑ የመጨረሻ መኪና ነው የሚሻማ።

ከበር እስከ በር አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ብለን እንራራለት። ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 66 ሰዓት ይሆናል። ይህን በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ስናካፍለው ከስምንት ቀን በላይ ነው። ይህ ሰው በየወሩ ስምንት ቀን ያለ ደመወዝ ይሠራል፤ ሥራውም ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በቀን ሲታይ ትንሽ፣ በዓመት ሲደመር ልጅ ያሳደግንበት ሳይሆን ያመለጠን ጊዜ።

ሌላው ዓለም ይህን ከብዙ ጊዜ በፊት አስልቶታል። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሰው በየትኛውም ዘመን፣ በእግሩም ቢሄድ በባቡር፣ ለዕለት መንገዱ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚያውል አመለከተ። መጓጓዣ ሲፈጥን ሰው ጊዜ አያተርፍም፤ ቤቱን ያርቃል። ዙሪክ ይሠሩ የነበሩት ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ሽቱትሰር ደግሞ የጀርመን ቤተሰቦችን መረጃ መርምረው በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነገሩን የበለጠ አጠበቁት። ሰው ሩቅ መንገድን የሚቀበለው በርካሽ ወይም በሰፊ ቤት፣ ወይም በተሻለ ደመወዝ ይካካሳል ብሎ ነው። መረጃው ግን መንገዳቸው የረዘመባቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። ሒሳቡ አልተካካሰም። ሰው ስለ ሳሎኑ ስፋት ያስባል እንጂ ስለ መናኸሪያው ጥበቃ አስቀድሞ አያስብም።

የብሩንም ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ቦታዎች አሉ እንበል፤ አንዱ ሥራችሁ አጠገብ፣ ሌላው ራቅ ያለ ሆኖ 300,000 ብር የሚረክስ። የደርሶ መልሱ ወጪ ከነባጃጁ ለምሳሌ 200 ብር ቢሆን በወር 4,400፣ በዓመት 52,800 ብር ይሆናል። የተረፈው 300,000 ብር ስድስት ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ባልም ሚስትም የሚመላለሱ ከሆነ ሦስት ዓመት አይደርስም። ታሪፍ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሊትሩ ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። የመንገድ ወጪ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሳይደመር «ርካሽ» የሚለው ቃል ከአፋችን ባይወጣ ጥሩ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ መንገዱን አየን። አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ወደሚቀርላቸው ሰዎች እንመለስ።

አንደኛው ጉዳይ ውሃ ነው። «የውሃ መስመር አለው» ሲሏችሁ ቆጣሪውን ጠይቁ። ከቆጣሪውም በኋላ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በቀን ነው በሌሊት ብላችሁ ጎረቤቷን ጠይቁ። ሻጭ አይነግራችሁም፤ ደላላም አያውቀውም። ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቅ ሴት ግን ሰዓቱን ጭምር ትነግራችኋለች። ጉድጓድ ካለ ደግሞ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንደሆነ እዩ፤ የእናንተም የጎረቤታችሁም። በተለምዶ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት እንዲኖር ይመከራል። በጠባብ ቦታ ላይ ይህ አይገኝም፤ ያን ጊዜ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አይሁን።

ሁለተኛው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን በእግሩ የሚደርስበት ትምህርት ቤት አለ? መንገዱ ላይ ዋናውን አስፋልት ይሻገራል? የጭነት መኪና ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የሚበርበትን መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሻገር ልጅ ያላት እናት እረፍት የላትም። ሌሊት ምጥ ቢመጣስ? ባጃጅ ይገባል? በክረምት ሊገባ የማይችል ሰፈር ከሆነ አራሷ በወሳንሳ እስከ አስፋልት ልትወጣ ነው። የእንጅባራና የዳንግላ ሆስፒታሎች የሚጠቅሙን መድረስ ስንችል ነው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንላለን። አሜሪካዊው ሮበርት ፑትናም በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ሰው የማኅበር ሕይወት ሲመረምር በየቀኑ መንገድ ላይ 10 ደቂቃ በተጨመረ ቁጥር ሰው በማኅበራዊ ጉዳይ የሚኖረው ተሳትፎ በ10 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጻፈ። እኛ ይህን በእድር መዝገብ ላይ እናየዋለን። ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ለቀብር አይደርስም፤ ቅጣቱን ከፍሎ ይቀራል። ገንዘቡ ይከፈላል፤ ሰውነቱ ግን አልተከፈለም። እሱ በሌለበት ቤቱ ጭስ ቢጨስ፣ ልጁ ቢወድቅ የሚሮጠው ያ የእድር ሰው ነው። ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት ሰፈሩ እድር ያለው ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ገና ባዶ ሜዳ የሆነ፣ አጥር ብቻ የተተከለበት ሰፈር ላይ መጀመሪያ የምትገቡት እናንተ ከሆናችሁ ቀን ቀን ቤት የምትውለው ሴት ለብቻዋ ልትከርም መሆኑን እወቁት።

ወደ አየሩና ወደ አፈሩ እንለፍ፤ እዚህ ላይ የአዊ ምድር ከሌላው የተለየ ጠባይ አለው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ፤ ቻግኒ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ትወርዳለች። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። እንጅባራና ዳንግላ መካከል ያለው የ400 ሜትር ልዩነት ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሆናል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ ሐምሌ ላይ ለአስም ታማሚ አያት ግን ብዙ ነው። ብርዱ ከሰል ያስገዛል፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ይነድዳል፤ ጭሱ የማይታየው ጋዝ ሰው ይገድላል። እንጅባራ ቤት የሚሠራ ሰው መስኮቱን፣ ኮርኒሱንና የጭስ መውጫውን ከሳሎኑ ቀለም በፊት ያስብ። ወደ ቻግኒ የሚወርድ ደግሞ ብርዱን ይገላገላል፤ በምትኩ የወባ አጎበር ይገዛል። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ የቤት ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ያላችሁ ይህን ከመሬቱ ዋጋ ጋር አብራችሁ መዝኑት።

አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካለው እርሻ ብዙው በዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል፤ ገበሬው ዛፉን ተክሎ ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ ከሰሉ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለወረዳው ኑሮን የቀየረ ነገር ነው። ከከተማው ዳር ቦታ ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምርለታል፤ የከሰል ማክሰያው የት ነው? ነፋሱስ ወደየት ይነፍሳል? በበጋ ማለዳ ላይ ሄዶ አየሩን ማሽተት ነው መልሱ።

ዝናቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንጅባራ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ናት፤ ግንቦት ላይ ጀምሮ ጥቅምት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ምክር ብቻ ይዛችሁ ውጡ ብባል ይህን እላለሁ፤ ቦታ በየካቲት አትግዙ፣ በነሐሴ እዩት። በየካቲት ሁሉም ሜዳ ያምራል። በነሐሴ ሂዱ፤ ያውም ዝናብ ዘንቦ እንዳባራ። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ጎርፉ በየትኛው አጥር ሥር እንደሚወጣ፣ መኪና የት እንደሚሰምጥ ምድሩ ራሱ ይናገራል። የተሠራ ቤት ከሆነ በግድግዳው ሥር ያለውን የእርጥበት መስመር እዩ፤ አዲስ ቀለም የተቀባው ከወገብ በታች ብቻ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ባዶ ቦታ ከሆነ ሣሩን እዩ። ፊላ ወይም ጨፌ የበቀለበት መሬት ውሃ የሚተኛበት ነው፤ በጋ ላይ ቢታጨድም ሥሩ አይዋሽም።

አፈሩም እንደዚሁ። ቀዩ አፈር ለመሠረት ይሻላል። ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ያለው ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ዋጋ አለው። ርካሽ ነው የተባለው ዋልካ ሜዳ መሠረቱ ሲወጣ ከቀዩ ኮረብታ ጋር ዋጋው ሊስተካከል ይችላል። ጭቃ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ለድንጋይ አትሳሱ፤ አገራችን እሳተ ገሞራ የሠራው፣ ድንጋይ የማያጣ ምድር ነው፣ ዘንገና ሐይቅን ያየ ያውቀዋል። ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ይበል፤ አሸንዳ ይኑረው። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር አትርሱ፤ ነጋዴው 32 ጌጁን ሲያረክስላችሁ የሚያቀብላችሁ ስሱን ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ስለ ወረቀት መስማት ይሰለቻል፤ ቤት የሚፈርሰው ግን ከዝናብ ይልቅ በወረቀት ነው።

መሬት በአገራችን አይሸጥም፤ አይለወጥም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ጀምሮ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የጸና ነው። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ በከተማ ዳር «ከገበሬ ላይ ገዛሁ» የሚል ሰው የያዘው የአንድ ሰው ቃልና የሦስት ሽማግሌ ፊርማ ነው። የገበሬው የይዞታ ደብተር የመጠቀም መብት እንጂ ለመኖሪያ ቤት ቆርሶ የመሸጥ መብት አይሰጠውም። ገበሬው ነገ ቢሞት ልጆቹ፣ ከተማው ቢሰፋ ማዘጋጃ ቤቱ «ማን ነህ?» ይላል። ያን ጊዜ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን ቤት የሠራው ሰው አብዛኛው መሐል ከተማ ሥራ ያለው፣ የከተማውን ኪራይ መቻል ያቃተው ነበር። ከፊሉ ካርታ ነበረው፤ ከፊሉ ጨረቃ ቤት ነው የሠራው። በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሲጠቃለሉ ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ቤተሰቦች ከነዕቃቸው ውጭ አደሩ። መንግሥት ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለገዢ የሚቀረው ትምህርት ግን አንድ ነው። ርቀትን በርካሽነት ለውጠው፣ ርካሽነቱን ደግሞ በወረቀት ጉድለት የገዙ ሰዎች ሁለቱንም አጡ። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም ቢሆኑ ዕጣው ከሥራቸውና ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲያርቃቸው ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው መሐል ከተማ ተከራይተው ኖረዋል። የራስ ቤት ኖሮ በኪራይ መኖር፣ ለርቀት የሚከፈል ዋጋ ነው። ባሕር ዳርም ወደ መሸንቲ፣ ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ጢስ ዓባይ እየሰፋች ነው፤ እኛም ከእሷ ኋላ እየተከተልን ነን።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ በመሬቱ ላይ ያለው ስፋት ከካርታው ጋር መግጠሙን፣ ቤቱ ፈቃድና ፕላን ያለው መሆኑን፣ እገዳና የባንክ መያዣ የሌለበት መሆኑን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ንብረት ከሆነ ባልም ሚስትም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ የፈረመው ውል ነገ ችሎት ላይ ሊፈርስ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ ውል ይህን አያሟላም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» ተብሎ የተገዛ ቤት ስም ሲዛወር ዱብ ዕዳ የሚያመጣው በዚህ ነው። ሻጩ የሚከፍለው ቀርቶ እናንተ የምትከፍሉት ስንት እንደሆነ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ጠይቃችሁ፣ በጽሑፍ ይዛችሁ፣ ከዚያ ተደራደሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አንድ ከባድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ የማውቀውን ደበቅሁ ይሆናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ያለውን የግጭት ሁኔታ ሁላችሁም ኖራችሁበታል። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ መኪና የማይንቀሳቀስበት ቀን አለ፤ ስልክ የማይሠራበት ጊዜም ነበር። በሰላም ቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚኒባስ ጉዞ ነው፤ መንገድ በተዘጋ ቀን ግን አባት በአንድ ከተማ፣ ልጆች በሌላ ከተማ ማደር ነው። ሰላም ይመለሳል፤ ሁላችንም የምንጸልየው ይህንን ነው። የቤት ምርጫ ግን የሚሠራው ለደህናውም ለክፉውም ቀን ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ቢያንስ ከሁለት ወላጆች አንዱ በእግሩ ቤት የሚደርስበት ቦታ ላይ ኑሩ። ይህ ካልተቻለ ደግሞ ልጆቹን የሚያሳድር ዘመድ ወይም የታመነ ጎረቤት ያለበትን ከተማ ምረጡ።

«እንግዲህ የቱ ይሻላል? እንጅባራ ወይስ ዳንግላ?» ትሉኝ ይሆናል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ ግን መልሱ የሚገኝበትን መንገድ ላሳያችሁ። ባልና ሚስት ሁለቱም እንጅባራ የሚሠሩ ከሆነ፣ ልጆቹም ትንንሾች ከሆኑ፣ ትንሽ ቦታም ብትሆን እንጅባራ ላይ ብትገኝ ከዳንግላው ሰፊ ግቢ ትበልጣለች። ብርዱን በቤት አሠራር መከላከል ይቻላል፤ የጠፋን ሰዓት ግን ማስመለስ አይቻልም። አንዱ እንጅባራ አንዱ ባሕር ዳር የሚሠሩ ከሆነ ዳንግላ ለሁለቱም መሐል ይመስላል፤ ሁለቱም በየቀኑ መንገደኛ ሆነው ቤቱ ቀን ቀን ባዶ የሚውል ከሆነ ግን ለልጆቹ መሐል አይደለም። ያን ጊዜ አንዳቸው ልጆቹን ይዘው ሥራቸው አጠገብ ይኑሩ፤ ሌላው በሳምንት ይመላለስ፤ ዝውውርም ይጠይቅ። እናት ወይም አባት ቤት የሚውሉ፣ ዘመድና እድር ዳንግላ ያላቸው ደግሞ ሠራተኛው መንገዱን ቢሸከም ያስኬዳል፤ በቤት የሚውሉት ተደላድለዋልና። አዲስ ቅዳም ለሁለቱም ወገን ግማሽ መንገድ ስለሆነች ትመረጥ ይሆናል፤ ያ የሚሆነው ግን ልጆቹ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩበት እዚያው እንደሚገኝ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው።

በማኅበር ተደራጅታችሁ ቦታ የምትጠብቁ ሠራተኞችም አላችሁ። ማኅበር ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ጎረቤታችሁም የምታውቁት ሰው ነው። ግን ቦታው ሲሰጥ ውሃ፣ መብራትና መንገድ አብሮ አይመጣም። ማኅበሩ ገና ዕጣ ሳያወጣ የገንዘቡን ከፊል ለመዳረሻ መንገድ፣ ለውሃ መስመርና ለጎርፍ ቦይ ይመድብ። አጥር ከመገንባቱ በፊት ቦዩ ይቆፈር፤ አጥር ከተገነባ በኋላ ቦይ የሚያልፍበት አይገኝም፤ ጎረቤትም በጎረቤቱ ላይ ውሃ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ እድር ሳይሆን ክስ ነው።

ለከተማ አስተዳደሮቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ቦታ መሸንሸን ቀላሉ ነው። በሚሸነሸነው ቦታ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የባጃጅ መግቢያ መንገድ አብሮ ካልተሸነሸነ ግን የተሰጠው መኖሪያ ሳይሆን ማደሪያ ነው። የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢሞላም ባይሞላም የሚነሱ ጥቂት መኪኖችን ቢመድቡ ብዙ ሠራተኛ ቤቱን ከከተማ ወደ ከተማ ማዛወር ሳያስፈልገው ኑሮው ይቀልለታል። ይህ አስፋልት አያስፈልገውም፤ ሰዓት አክባሪነት ነው የሚያስፈልገው።

የቻላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት በዚያው ሰፈር አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ኑሩ። የአንድ ክረምት ኪራይ ከተሳሳተ ቤት ይረክሳል። ያልቻላችሁ ደግሞ ቢያንስ በሥራ ቀን፣ በዝናብ ጠዋት፣ በሚኒባስ ከዚያ ሰፈር ተነስታችሁ ቢሮ ድረስ ሂዱ። በዚያው ቀን ባለቤታችሁ፣ ወይም እናታችሁ፣ ወይም ቤት የሚውለው ሰው ሰፈሩ ውስጥ ይዋል፤ ውሃ ይቅዳ፣ ወፍጮ ቤት ይሂድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያድርስ። ማታ ተቀምጣችሁ ሁለታችሁም የዋላችሁበትን ተነጋገሩ። የቤቱ ዋጋ ላይ የምትከራከሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀን የሚውልበት ሰው «አይሆነኝም» ካለ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን ያ ቤት ውድ ነው፤ ፊርማችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሰፈር እለፉ።

አሁን ጥያቄያችሁን እጠብቃለሁ፤ በተለይ ከእናቶች ወገን ቢጀመር ደስ ይለኛል።